ዜፕሊን የወደቀው ፊላደልፊያ ላይ አይደለም

የሮክ ወዳጆችን «የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የሌድ ዜፕሊን ቀሽም ኮንሰርት የቱ ነው?» ብትሏቸው ሳያስቡ «ላይቭ ኤይድ» ይሏችኋል። ለእኛው ለሰባ ሰባቱ ድርቅ ገንዘብ ለማሰባሰብ በፈረንጆቹ ሐምሌ 1985 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተደረገውን ማለት ነው። (ዕድላችን ሆኖ ከዚያ ሁሉ ታላቅነታቸው ለእኛ የደረሰን ይሄ ነው።)

ቪዲዮው እውነትም ያሳቅቃል። የጂሚ ፔጅ ጊታር ከቅኝት ወጥቷል። የሮበርት ፕላንት ድምፅ ሻክሯል፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል። ከበሮ ላይ ሁለት ሰው ተቀምጧል፣ ቶኒ ቶምፕሰንና ፊል ኮሊንስ። ኮሊንስ በዚያው ቀን ለንደን ላይ ተጫውቶ፣ ከድምፅ በሚፈጥነው ኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ፣ አብሯቸው በቅጡ ሳይለማመድ ነው መድረክ ላይ የወጣው። በኋላ ፔጅ ዘፈኖቹን አያውቃቸውም ብሎ ወቀሰው፤ እሱ ደግሞ ጥሎ መውረድ አምሮኝ ነበር አለ። ባንዱ ቀረጻው በ2004 ዲቪዲው ላይ እንዳይገባ ከልክሏል።

ኮሊንስን መውቀስ ግን ይቀላል። ሰዎቹ የወደቁት ከዚያ በፊት ነው፣ ያኔ ገና ድራመራቸው ጆን ቦንሃም በሕይወት እያለ።

የ1970ውን የሮያል አልበርት ሆል ኮንሰርት ስሙት። ፔጅ አንድ ነገር ይወረውራል፣ ቦንሃም ከበሮው ላይ ቀልቦ ይመልስለታል፣ ጆን ፖል ጆንስ ከሥር በቤዝ ይይዛቸዋል። እርስ በርስ ይደማመጣሉ። ከዚያ ታዳሚዎች በድብቅ የቀዷቸውን የ1977ቱን የአሜሪካ ኮንሰርቶች ክፈቱ። ሕዝቡማ ጎርፍ ነው፣ ፖንቲያክ ላይ ብቻ 76,229 ሰው! ኮንሰርቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ የከበሮው ሶሎ ብቻ አንዳንዴ 20 ደቂቃ ይደርሳል፣ ፔጅ ደግሞ ጣቶቹ አልታዘዝ እያሉት ሶሎውን ያበላሻል። ቺካጎ ላይ እንዲያውም ታሞ መሃል ላይ አቋረጡ። ዕፁ፣ መጠጡ፣ ድካሙ፣ ምን ያልነበረ አለ? ሐምሌ ላይ የፕላንት የአምስት ዓመት ልጅ ሞተና ቱሩ በዚያው ተሰረዘ።

1980 ላይ አውሮፓ ሲሞክሩት፣ ኑረምበርግ ላይ ቦንሃም ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ተዝለፍልፎ ወደቀ። መስከረም ላይ በመጠጥ ሰበብ በ32 ዓመቱ አረፈ፣ ባንዱም ፈረሰ። እንግዲህ ፊላደልፊያ የታየው ከአምስት ዓመት በፊት ያለቀ ነገር ነው።

«ዕድሜ ነው» የሚል ካለ ታኅሣሥ 2007ን ይይ። ለንደን፣ ኦቱ አሬና፣ ፔጅ 63 ዓመቱ፣ ከበሮው ላይ የቦንሃም ልጅ ጄሰን። በደንብ ተለማምደው መጡ፣ ፕላንት እንዳይጨነቅ አንዳንዱን ዘፈን ዝቅ ባለ ቅኝት ተጫወቱት፣ አሪፍም ሆነ። ከዚያ ቱር እንሂድ ሲባል ፕላንት እምቢ አለ። ብዙ ሰው እስከዛሬ ይራገምበታል። እኔ ግን እሰየው ነው ያልኩት።