ከባሕር ዛፍ ጉቶ ጋር የተጣላሁበት ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት መንገድ ላይ ተቀምጬ ሳላለቅስ ወጥቼ እንጦጦ ማርያም ደረስሁ። ልጄን ከቀበርሁ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል፤ እንዲህ ያለ ቀን ሳገኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ እንደ እኔ ልጅ ለቀበራችሁ ወላጆች ጻፍሁት።

ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ የምለው የለኝም። አርባው ወጣ፣ ለቀስተኛው ተበተነ፣ ዳዊቴን እየከፈትሁ አንድ መዝሙር ሳልጨርስ እዘጋው ነበር። የንስሐ አባቴ «ቤት ውስጥ እንቢ ካለሽ ደጅ ወጥተሽ ጸልዪ» ስላሉኝ በየሳምንቱ ተራራውን መውጣት ጀመርሁ።

ያስቸገረኝ የባሕር ዛፉ ጉቶ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ተቆርጦ አይሞትም፤ ከጉቶው ዙሪያ አምስት ስድስት ሆኖ ያቆጠቁጣል። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እንጨት ተሸካሚ እናት ሸክማቸውን አስደግፈው ለምን እንደማለቅስ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸውም ጉቶውን እያሳዩ «አይዞሽ ልጄ፣ እሱም ተተክቷል፤ ላንቺም ምትኩን ይስጥሽ» አሉኝ። በቅን ልብ እንደተናገሩት አውቃለሁ። ከሞት በኋላ የተወለደውን ልጅ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ብሎ መሰየም የኖረ ልማዳችን ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ጉቶ ማየት ጠላሁ። እንዲያውም አንድ ጠዋት፣ ማንም እንደማያየኝ ካረጋገጥሁ በኋላ፣ ቡቃያዎቹን በሙሉ በእጄ ቀነጠስኋቸው። ከክረምቱ በኋላ በዝተው ጠበቁኝ።

መጽሐፈ ኢዮብ ጭራሽ አባሰብኝ። ምዕራፍ 14 ላይ ዛፍ ቢቆረጥ ዳግመኛ ለማቆጥቆጥ ተስፋ እንዳለው፣ ሰው ግን ሞቶ እንደሚጋደም ይናገራል። «ሜዳና አበባ እያየሽ ትረሺዋለሽ» የሚሉ መካሪዎች ይህን ክፍል ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የቡቃያውን ነገር ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ አልተቆጡኝም፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንድቆጥረው ብቻ ነገሩኝ። ቤቴ ገብቼ ቆጠርሁ። 7 ሺህ የነበሩት በጎች 14 ሺህ፣ 3 ሺህ የነበሩት ግመሎች 6 ሺህ ሆነዋል። ልጆቹ ግን በፊትም 7 ወንዶችና 3 ሴቶች፣ በኋላም 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ናቸው። በሳምንቱ ምክንያቱን አስረዱኝ፦ ከብቱ ጠፍቶ ነበርና እጥፍ ሆኖ ተተካ፤ የፊተኞቹ ልጆች ግን በእግዚአብሔር ዘንድ አሉና የሚተካቸው አላስፈለገም፣ ከኋለኞቹ ጋር ሲቆጠሩ እጥፍ ናቸው። ምትክ የሚለው ቃል ያን ዕለት ከትከሻዬ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ወዳሉት ጥዶች አዘነበለ። ጥድ ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ፍሬውን ወፎች ይበሉና ዘሩን ማንም በማያውቀው ስፍራ ይጥሉታል፣ አድጎ ለመታየትም ብዙ ዓመት ይፈጃል። ለእኔ ሐዘን የቀረበው ይህ ዛፍ ነው።

ለምትጀምሩ፦ ጅብ ስላለ ጎሕ ሳይቀድ አትውጡ። ጆሮን በመዝሙር ደፍኖ መሄድን አልወደውም፤ የወፉን ድምፅ ይከለክላል። የዕለቱን ዳዊት በሙሉ ለማድረስ አትታገሉ፣ አንድ መዝሙር ይበቃል። ከሰው ጋር መውጣት ይሻላል ብዬ እመክራለሁ፤ እኔ ግን ብቻዬን ነው የምወጣው። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃውን ሰበብ አድርጌ በመቅረቴ ወደ ኋላ ተመልሼ ነበር። የልጄን ደብተሮችም እስካሁን አልከፈትኋቸውም፤ ስለዚህ ተጽናናሁ ብዬ አልጽፍም።

ቅዳሜ ስመለስ በዚያ ጉቶ አጠገብ አለፍሁ። ቡቃያዎቹ ስምንት ናቸው፤ አልነካኋቸውም። እንጨት ተሸካሚዋን እናት ግን ዳግመኛ አላገኘኋቸውም፤ ያን ቀን አሜን እንኳ ሳልላቸው ነበር ተነሥቼ የሄድሁት።