ያልነበረን ቁጥር

ድሬዳዋ፣ ማክሰኞ ማታ

ለሱቅ የልብስ ግዢ መማር የጀመረ ሰው በቅድሚያ የሚተማመነው በዓይኑ ነው፤ ቀለም ይመርጣል፣ ወቅቱ የሚወደውን ይከታተላል፣ ጥሩውን ስፌት ከመናኛው ይለያል። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። የሱቅን ብር ጠፍንጎ የሚይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀለም ስህተት ሳይሆን የቁጥር፣ ማለትም የልብስ ልክ፣ ስህተት ነው። ዛሬ ደብተሬ ላይ ላሰፍረው የፈለግኩት ይህንኑ ነው።

60 ሸሚዝ ገባ እንበል። ሚዲየም፣ ላርጅ፣ ኤክስ ኤልና ደብል ኤክስ ኤል፣ ከእያንዳንዱ 15። ወሩ ሲያልቅ የሽያጭ መዝገቡ እንዲህ ይላል፦ ሚዲየም 9፣ ላርጅ 15፣ ኤክስ ኤል 15፣ ደብል 5። ይህን ያየ ጀማሪ ላርጅና ኤክስ ኤል እኩል ተፈላጊ ናቸው ብሎ እኩል ያዛል። ላርጁ በ9ኛው ቀን፣ ኤክስ ኤሉ በ27ኛው ቀን ያለቀ ከሆነስ? የላርጁ ፍጥነት ሦስት እጥፍ ነበር ማለት ነው። ከ9ኛው ቀን በኋላ ላርጅ ጠይቆ ባዶ እጁን የወጣው ሰው ሁሉ መዝገቡ ላይ የለም። የሽያጭ መዝገብ የሚያውቀው የነበረንን ነው፤ ያልነበረንን አያውቅም።

ስለዚህ ገንዘብ መቀበያው አጠገብ አንድ ሌላ ደብተር መኖር አለበት። የሚጻፈው አጭር ነው፦ ቀን፣ የልብሱ ዓይነት፣ ቀለም፣ የተጠየቀው ቁጥር። ደንበኛው ከበር እንደወጣ ወዲያው ይጻፋል። ማታ ላይ ይታወሳል ተብሎ የተተወ ሁሌም ይዛባል፤ አእምሮ የሚያስታውሰው የተከራከረውን ደንበኛ እንጂ ዝም ብሎ የሄደውን አይደለም። ከዚያ ጎን የእያንዳንዱ ቁጥር የመጨረሻ ፍሬ የተሸጠበት ቀን ይመዝገብ። በሁለትና በሦስት ወር የሱቁ ትክክለኛ የቁጥር ስብጥር ከዚህ ይወጣል። ጅምላ ሻጩ ደርዘኑን በየቁጥሩ እኩል አድርጎ ካሸገውና አልፈታም ካለ፣ ደንበኞቹ ሌላ ዓይነት ከሆኑ ሱቅ ጋር ተካፍሎ መግዛት ይሻላል።

የቁጥር ስህተት መጨረሻው ቅናሽ ነው። ቅናሽ ምን እንደሚበላ ብዙ ሰው አያሰላም። ሸሚዙ ሱቅ እስኪደርስ መጓጓዣውን ጨምሮ 640 ብር ፈጀ፣ በ960 ይሸጣል፤ ታክሱን ለጊዜው እንተወው። ትርፉ 320 ነው፦ ከግዢው አንጻር 50 በመቶ፣ ከመሸጫው አንጻር 33.3 በመቶ። ሁለቱን መቶኛዎች ማምታታት የተለመደ ስህተት ስለሆነ ስንነጋገር የትኛውን እንደምንል እንግለጽ። አሁን 20 በመቶ ቀንስ ሲባል ዋጋው 768፣ ትርፉ 128 ይሆናል። ከዋጋው አንድ አምስተኛ ሄደ፣ ከትርፉ ግን 60 በመቶ። የቀድሞውን ትርፍ ለማግኘት ሁለት ተኩል እጥፍ መሸጥ ያስፈልጋል።

ለሚቀጥለው ወር ምን ያህል ልግዛ የሚለውም በስሜት አይመለስም። ሁሉንም በመሸጫ ዋጋ ይዞ፦ የሚጠበቀው ሽያጭ 200,000፣ የሚጠበቀው ቅናሽ 10,000፣ በወሩ መጨረሻ እንዲኖር የሚፈለገው ክምችት 150,000፤ ድምሩ 360,000። ከዚህ ላይ አሁን መደርደሪያ ላይ ያለው 180,000 እና ታዝዞ መንገድ ላይ ያለው 60,000 ይቀነሳል። የቀረው 120,000 ነው፤ ከላይ ባለው የትርፍ ልክ በግዢ ዋጋ 80,000 ብር። መንገድ ላይ ያለውን ዕቃ የረሳ ሰው ሳያውቀው ሁለት ጊዜ ይገዛል።

በእኛ ከተማ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ራሱ ወጥመድ አለው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ የታህሳስና የሐምሌ 19 የቁልቢ ንግሥ ቀናቸው ይታወቃል። ኢድ ግን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል፤ በሦስት ዓመት አንድ ወር ያህል ማለት ነው። የዘንድሮን ሚያዝያ ከአምናው ሚያዝያ ጋር ማወዳደር ስለዚህ ያሳስታል። የሚወዳደረው ከኢድ በፊት ያለው ሦስተኛ ሳምንት ከአምናው ሦስተኛ ሳምንት ጋር ነው፤ ፋሲካም እንዲሁ። ድሪያና ጀላቢያ ከበዓሉ ማግስት ፍላጎታቸው ስለሚወርድ፣ ዘግይቶ የገባ ዕቃ ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው።

ጨርቁ ላይ ሁለት ፈተና ከማዘዝ በፊት። ናሙናው ላይ 50 ሴንቲ ሜትር በክር ምልክት ማድረግ፣ አጥቦ ማድረቅ፣ መልሶ መለካት፤ 47.5 ከሆነ ታጥቦ 5 በመቶ አጥሯል፣ ለሸሚዝ ይህ ብዙ ነው። ሌላው በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ማሸት ነው። በድሬ ሙቀት የሚያልበው ሰው ብዙ ስለሆነ ቀለም የሚለቅ ጥቁርና ቀይ ከነጭ የውስጥ ልብስ ጋር ይጣላል። ወፍራም ሹራብ እዚህ ቆሞ ይቀራል፤ ሐረር ወጣ ሲሉ ግን ማታ ይለበሳል።

የውስጡን ስፌት መገልበጥም አይረሳ። የጎኑ ትርፍ ጨርቅ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ልብሱ መጥበብ እንጂ መስፋት አይችልም። 2 ሴንቲ ሜትር ያለው ቀሚስ ግን ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ጋር ሄዶ ለገዢዋ ይስተካከላል። ትርፍ ጨርቅ ያለው አንድ ላርጅ ስለዚህ ጠፍቶ የነበረውን ኤክስ ኤል ሊተካ ይችላል።

በር ላይ የሚሰቀለው በየሦስት ቀኑ ይቀየር። ፀሐዩ የሚጀምረው ከትከሻው ነው፦ መስቀያው የነካው መስመር ላይ ሰማያዊው ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ እጥፋቱን ሲገልጡት የውስጡ ቀለም እንደነበረ ነው። ያ ሸሚዝ ከዚያ ወዲያ በሙሉ ዋጋ አይሸጥም። ደግሞ በር ላይ የምንሰቅለው ሁልጊዜ ላርጁን ነው።