አሥሩም አውታር ተሟልቶ ነበር

የንብረትና ግዥ ሠራተኛ ነኝ። ወንበር፣ ቶነር፣ የጽዳት ዕቃ፣ ካስፈለገም ጄኔሬተር እገዛለሁ። በገና የገዛሁት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የማወራችሁ ስለ መጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው የመጣው የመጀመሪያው ስለተበላሸ ነው።

የምሠራበት ማሠልጠኛ የባህል ሙዚቃ መሣሪያዎችን ያስተምራል። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ የበገና ተመዝጋቢ ከክራሩም ከማሲንቆውም ይበልጣል። ያን ዓመት ከጥር አጋማሽ ጀምሮ የመዝገብ ቤቱ በር በሰው ተጨናነቀ፤ ያለን ደግሞ አራት በገና ብቻ፣ የአንዱ ምሰሶ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ። ስምንት አዲስ እንዲገዛ ተፈቀደ።

ስፔሲፊኬሽኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንንም አልወቅስም። «በገና፣ ባለ 10 አውታር፣ ቁመት 1 ሜትር ከ20፣ በቆዳ የተለበጠ፣ ቡናማ ቀለም።» ቡናማ ያልኩት ነባሮቹ ቡናማ ስለሆኑ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። አንዱ ያቀረበው ዋጋ ከሌሎቹ ሲሶ አይሞላም፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፣ አለቀ። ሱቁ ድረስ ሄጄ ናሙና አይቻለሁ። ቫርኒሹ ያበራል፣ ቀንበሩ (ላይኛው አግዳሚ እንጨት) ላይ መስቀል ተቀርጾበታል፣ ያምራል። ባለሱቁ «ለስጦታ ነው ለግድግዳ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለመሥሪያ ቤት» አልኩት። እሱም «እሺ» አለ። ያን ጥያቄ በኋላ ስንት ሌሊት አስታወስኩት መሰላችሁ።

ዕቃው ገባ። የርክክብ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ አንዱ አውታሩን ቆጠረ፣ አንዱ በሜትር ለካ፣ እኔ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ ቆረጥኩ። ስምንቱም አሥር አሥር አውታር አላቸው። ሁላችንም ፈረምን።

በማግስቱ የኔታ መጡ። በገና የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው፣ ተማሪውም ሠራተኛውም የኔታ ነው የሚላቸው። ዱካ ላይ ተቀምጠው አንዱን አቀፉና መቃኘት ጀመሩ። መቃኛውን ያዞራሉ፣ አውታሩ ይወጠራል፣ እጃቸውን ሲያነሡ ተመልሶ ይረግባል። ደግመው አዞሩ፣ ደግሞ ረገበ። ቀንበሩን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህን የገዛው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ቀንበሩን ቅቤ የቀባውስ?»

ቅቤ አልነበረም፣ ያ ያማረኝ ቫርኒሽ ነው። አውታሩ የሚጠመጠመው ቀንበሩ ላይ ነው፤ መቃኛውም ተወጥሮ የሚቆየው እንጨቱ ሻካራ ሆኖ ስለሚይዘው ነው። ያበራ ቀንበር አይይዝም። እንደ ምንም አንዱን ቃኝተው በግራ እጃቸው ጣቶች ደረደሩት። እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም፤ ግን ነባሮቹን በገናዎች ከቢሮዬ ግድግዳ ማዶ ለዓመታት ሰምቻለሁ፣ ያ ውስጥን የሚነዝረው ድምፅ የለም። ጥም፣ ጥም ይላል፣ ልብስ ላይ የተወጠረ ላስቲክ ይመስል።

የዚያን ቀን ከሰዓት ስምንቱን በገና አንድ በአንድ አዩልኝ። በስድስት ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ቀን የተማርኩበት የለም። የበገና ነዘር የሚመጣው እንዚራ ከሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው፤ ከየአውታሩ ሥር፣ አውታሮቹን ደግፎ በሚይዘው እንጨት፣ በርኩማው ላይ ይገባሉ። ቁራጯን ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ እያደረጉ አውታሩ በርኩማውን ነካ ነካ እያደረገ የሚነዝርበትን ቦታ ይፈልጉለታል። ለዚህ በርኩማው ሰፊና ጠፍጣፋ መሆን አለበት። የእኛዎቹ በርኩማ እንደ ክራር ቀጭን ነው፣ እንዚራ የሚያርፍበት ቦታ የለውም፤ እንዚራውም ራሱ የለም። አውታሮቹ ደግሞ ናይለን ናቸው። የኔታ ናይለንን አይጠሉም፤ የበግ አንጀት በርጥበት ቃናው ይለዋወጣል፣ ናይለን ይጸናል ይላሉ። የእኛዎቹ ግን አሥሩም አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው፣ ከአንድ ጥቅል የተቆረጠ የዓሣ ማጥመጃ ክር ናቸው። ወፍራሙ ድምፅ ከቀጭን ክር አይወጣም፤ ዝቅ ሲያደርጉት ረግቦ ይርገበገባል።

«አሥር መሆኑን ቆጥራችሁ ተረከባችሁ አይደል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ሳቁ። አሥሩን አውታር በአሥርቱ ትእዛዛት እንደሚመስሉት አውቃለሁ፣ ይህን ማን አያውቅም። ሲደረድሩ ግን ጣት የሚመታቸው ሁሉም እንዳልሆኑ፣ አንዳንዶቹ ጣት መትቶ የሚያርፍባቸው እንደሆኑ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ኮሚቴያችን ዕቃውን ያጸደቀበት ቁጥር ስለ ድምፁ ምንም አይነግርም ነበር ማለት ነው።

የድምፅ ሳጥኑ፣ ገበቴው፣ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ኮምፔርሳቶ በምስማር ተመትቶ፣ ስስ ቆዳ በኮላ ተለጥፎበታል። ዕቃ ግምጃ ቤቴ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባዋል። ቆዳው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተኮማትሮ የሦስቱን ኮላ ከጠርዙ ገነጠለው። አንደኛው ደግሞ ቆዳው በደንብ ስላልደረቀ ይሸታል፤ የግምጃ ቤት ጓደኛዬ ለሳምንት አይጥ ስትፈልግ ነበር።

የኔታ እሳቸው በገና የሚያሠሩበት ሰው ዘንድ ወሰዱኝ። ግቢው ውስጥ የተጠረበ ዋንዛ ጥላ ሥር ተደርድሯል። ገበቴውን ከአንድ ግንድ ነው ፈልፍሎ የሚያወጣው፤ ቆዳውን አርሶ፣ ወጥሮ፣ ዙሪያውን ሰፍቶ፣ እዚያው ጥላ ውስጥ ያደርቀዋል። ፀሐይ ላይ ለምን እንደማያደርቀው አልጠየቅኩም፣ የእኔን ግምጃ ቤት አይቻለሁ። አንድ ነገር ግን አስገረመኝ፦ የእኛዎቹንም የሠራቸው ሰው እንጂ ማሽን አይደለም። መጋዝ፣ መዶሻ፣ ኮላ፣ እጅ። ይህ ሰው የሚለየው በቀኑ ብዛት ነው። እንጨቱ እስኪደርቅ ወራት ይጠብቃል፤ ያኛው ቅዳሜ ጀምሮ ማክሰኞ ያስረክባል። ዕቃው ሳሎን ውስጥ ሊሰቀል እንጂ ሊደረደር ስላልተሠራ በሠሪው አልፈርድም። ባለሱቁም ጠይቆኝ ነበር።

አንዱን በገናችንን ይዘን ሄደን ነበርና ሠሪው ገለባብጦ አየው። «ገበቴው ያልተላቀቀውን ልሞክርላችሁ» አለ። ከስምንቱ ሦስቱን ቀንበራቸውን በሞረድ ፍቆ፣ ሰፊ በርኩማ ሠርቶ፣ እንዚራ አስገብቶ፣ አውታራቸውን ቀየረላቸው። ለጀማሪ ጣት ማፍታቻ ይሆናሉ፤ እስከ ዛሬም እንሠራባቸዋለን። ድምፃቸው ትንሽ ነው፣ ግን ይነዝራል። አምስቱን «እንጨታቸው ምንም አይሰማም» ብሎ መለሳቸው።

አሁን አምስት በገና ከሱ ልግዛ ብል ሰውዬው ቲን ቁጥር የለው፣ ንግድ ፈቃድ የለው፣ ፕሮፎርማ ምን እንደሆነ አያውቅ። የፋይናንስ ኃላፊያችን «ደረሰኝ ከሌለው ለእኔ ሰውየው የለም» አሉ። መጨረሻ ላይ የገዛነው እሱ ከሚያስረክበው አንድ ሱቅ ነው፣ የሱቁን ትርፍ ጨምረን። በዚህ እስካሁን እበሳጫለሁ።

ስፔሲፊኬሽኑን በዚህኛው ዙር ከየኔታ ጋር ቁጭ ብለን ጻፍነው። ገበቴው ከአንድ ግንድ፣ ቆዳው የተሰፋ፣ ቀንበሩ ቫርኒሽ ያልነካው፣ በርኩማው ሁለት ጣት የሚያስተኛ፣ የአውታሩ ውፍረት የተለያየ። የመጨረሻዋ መስመር «ድምፁ የሚነዝር» ትላለች። ኃላፊው እሷ ላይ እስክሪብቷቸውን አሳርፈው «ይህ በምን ይለካል?» አሉኝ። «የኔታ ኮሚቴ ውስጥ ይግቡ» አልኩ።

ገቡ። በርክክቡ ዕለት ሱቁ ከላካቸው አምስት በገናዎች አንዱ ቀንበሩ ላይ አንበሳ የተቀረጸበት፣ ምሰሶው በነሐስ የተጌጠ፣ ዓይን የሚስብ ነበር። ሱቁ በራሱ ፈቃድ ነው የቀላቀለው፣ በዚያው ዋጋ። የኔታ አራቱን ደርድረው በጭንቅላታቸው እሺ አሉ። አንበሳው ጋ ሲደርሱ እንዚራውን ሁለቴ ሦስቴ አስተካከሉ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ከዚያ ወደ ጎን አስቀመጡት።

«የኔታ፣ እሱ እኮ ውዱ ነው! ለእናንተ ብለን ነው ያመጣነው» አለ ያስረከበው ልጅ።

«ለግድግዳ ይሆናል፣ ልጄ» አሉት።

ሞዴል 19 ላይ አራት ብዬ ጻፍኩ።