ከአቃቂ ወደ ዱከም፣ ነጭ ጠጠር ፍለጋ

በአፈር ውስጥ የሚፈጠር ነጭ ጠጠር የጥንቱን ዕፅዋትና ዝናብ ይነግረናል፤ እሱን ፍለጋ የምንወጣው በበጋ ነው። ክረምት ላይ የአቃቂ ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል። ቃሊቲን አልፈን ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ዳር ዓይናችን የሚያርፈው ጎርፍ በቦረቦረው ገደልና ለሕንፃ መሠረት በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ነው። ጉድጓዱ ከተገኘ ባለቤቱን አስፈቅዶ ቶሎ መግባት ያስፈልጋል፤ ኮንክሪት ከፈሰሰበት ያ ግድግዳ ዳግም አይታይም፣ ከተማው በሰፋ ቁጥር ይህ ያንገበግባል።

ግድግዳውን በዶማ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ፍቀን ሜትር እንዘረጋለን። የሽምብራ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ጠጠሮች ብቅ ይላሉ። 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲልባቸው አረፋ ካወጡ ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ዓይነት ማዕድን፣ ናቸው። ከላይኛው 50 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ግን አንለቅምም፤ ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ በጠጠሩ ውስጥ የተወውን ምልክት ይበርዘዋል።

በመረሬ ጥልቀት ብቻውን አያስተማምንም። በጋ ላይ ስንጥቁ አፉን ሲከፍት የላይኛው አፈር ከነጠጠሩ ይገባበታል፤ ክረምት ሲመጣ ጭቃው አብጦ ይዘጋበታል። ስለዚህ የጠጠሩን ጠርዝ ማየት ግድ ነው። ጥርት ያለ ጠርዝ ኖሮት ከጭቃው በቀላሉ የሚላቀቀው ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጠርዙ ቀስ በቀስ ከአፈሩ ጋር የተዋሃደው እዚያው የተፈጠረ ነውና እሱን እንይዛለን፤ ከአንድ ጥልቀት ቢያንስ 3።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠጠሩ ለሁለት ይቆረጣል። የሚያንጸባርቁት የክሪስታል ጅማቶች ኋላ የገቡ ስለሆኑ ይታለፋሉ፤ ደቃቁና ድፍኑ ክፍል በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ይፈቀፈቃል። ከ1 ሚሊ ግራም ያነሰ ዱቄት ይበቃል። በፎስፎሪክ አሲድ ጋዝ ሆኖ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ አተሞችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ፣ ይለካል።

የካርቦን 13፣ ከተራው የሚከብደው የካርቦን ዓይነት፣ ውጤት ከመደበኛው ማነጻጸሪያ አንጻር −12 ፐር ሚል (ከሺህ 12 ያነሰ) አካባቢ ከሆነ መሬቱ የጥድ፣ የግራርና የቁጥቋጦ ነበር፤ +2 አካባቢ ከሆነ የሰምበሌጥና የሰርዶ ዓይነት ሣር ነበር። −5 ማለት እኩል በእኩል ነው። ጤፍም ከሣሮቹ ወገን ነው፤ ሆኖም ጠጠሩ በመቶዎችና በሺዎች ዓመታት የሚጠራቀም ስለሆነ የዘንድሮውን ማሳ አይናገርም።

ኦክስጅን 18፣ ከተራው የሚከብደው የኦክስጅን ዓይነት፣ የዝናቡን ነገር ይነግረናል፤ ጥንቃቄ የሚሻውም እዚህ ላይ ነው። በደጋ የሚወርድ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን 18 ያንሰዋል። የአዲስ አበባ ዝናብ ግን ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ሳለ ባልተለመደ መጠን በዚህ ከባድ ኦክስጅን የበለጸገ መሆኑ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተሰበሰቡ የዝናብ ናሙናዎች ታይቷል። ከፍ ያለ ኦክስጅን 18 የዝናብ ማነስ ምልክት ተደርጎ ስለሚነበብ፣ የሌላ አገር ደጋ ቀመር እዚህ ከተሠራበት ያልነበረ ድርቅ ያወጣል። ማነጻጸሪያው የአዲስ አበባ የራሷ ዝናብ መሆን አለበት፤ ትነትም ቁጥሩን ወደ ላይ ስለሚገፋው ከጥልቁ የተገኘው ጠጠር ከላይኛው ይልቅ ይታመናል።