የላስቲክ ጭንብሉን አልፌ ማየት የጀመርኩት እንዲህ ነው

በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ ፊልሞች ነፍሴ ናቸው። አክሽን፣ ፋንታሲ፣ ሆረር፣ ሰይፍና አስማት፣ ሁሉንም አያለሁ። ድሮ ግን እንዲህ አልነበርኩም። የጭራቁ ጭንብል አንገቱ ላይ ክፍት ብሎ ካየሁ ወዲያው አጠፋዋለሁ፤ ካላጠፋሁትም ከጓደኞቼ ጋር ሆነን እንስቅበታለን።

የቀየረኝ አንድ ትዕይንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው «ጄሰን ኤንድ ዘ አርጎናትስ» ውስጥ ሰባት አፅሞች ከመሬት ወጥተው ከሦስት ሰዎች ጋር በሰይፍ ይዋጋሉ። መጀመሪያ ሳየው እንቅስቃሴያቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል ብዬ አለፍኩት። በኋላ ግን አፅሞቹን ያንቀሳቀሰው ባለሙያ ሬይ ሃሪሃውዘን ትዕይንቱን እንዴት እንደሠራው አነበብኩ። ትንንሽ አሻንጉሊቶቹን በእጁ ቅንጣት ታህል ያንቀሳቅሳል፣ አንድ ምስል ያነሳል፣ ደግሞ ያንቀሳቅሳል። ለጥቂት ደቂቃ ውጊያ ከአራት ወር በላይ ፈጅቶበታል። መልሼ ሳየው ያ ቁርጥ ቁርጥ ማለቱ ራሱ አስፈራኝ፤ የሞተ ነገር ቢነሳ እንዲህ ነው የሚንቀሳቀሰው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ «እውነት ይመስላል ወይ?» ብዬ መጠየቄን ተውኩ። «ባላቸው ነገር እንዴት ሠሩት?» ነው የምለው። በ1981ዱ «ዘ ኢቭል ዴድ» ጫካውን እየሰነጠቀ የሚምዘገዘገው የማይታይ መንፈስ፣ ጣውላ ላይ የታሰረ ካሜራ ነው፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘውት ይሮጣሉ። በቃ ይኸው ነው! ግን ያስደነግጣል።

በጣም ያስተማረኝ ደግሞ የ1992ቱ «ኤል ማሪያቺ» ነው። ሮበርት ሮድሪጌዝ ፊልሙን የቀረፀው 7,000 ዶላር ገደማ ይዞ ሲሆን፣ ከገንዘቡ የተወሰነውን ያገኘው ለመድኃኒት ሙከራ ራሱን አቅርቦ ነው። ካሜራው ስለሚጮህ ድምፁን ለብቻው በቴፕ ይቀዳ ነበር፤ ሲያቀናብር ታዲያ ንግግሩና የተዋናዩ ከንፈር መለያየት ሲጀምሩ ቶሎ ብሎ ወደ ሌላ ምስል ይቆርጣል። ያ የምንወደው ጥድፊያ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ይህን ሳውቅ ችግርና ስልት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ገባኝ።

አሁን አንድ ፊልም ስጀምር ስልኬን አርቄ ለብቻዬ ነው የማየው። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ብዙ ጊዜ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ዓይናችን የለመደው ትልቅ በጀት ነው፤ እሱን ከታገስኩ ግን የፊልሙ ዓለም ይቀበለኛል። ከወደድኩት ምርጡን ትዕይንት ድምፅ አጥፍቼ እደግመዋለሁ። ማን እንደወደቀ፣ ካሜራው የት እንደቆመ፣ የት ላይ እንደተቆረጠ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን የሆንግ ኮንግ አክሽን እንዲህ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! ንግግሩ በአብዛኛው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተሞላ ስለሆነ ከንፈር ባይገጥም አይግረማችሁ፤ ዓይናችሁን ከእግርና ከእጃቸው አትንቀሉ።

የተሳሳትኩበትም አለ። በአንድ ሳምንት አምስት የሰይፍና አስማት ፊልም ደርድሬ አይቼ ጠገብኩ፤ ለወራት አንድም መክፈት አልቻልኩም። አሁን በመሃል ሌላ ዓይነት ፊልም አስገባለሁ። ሌላው ደግሞ ርካሽ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት ጀምሬ ነበር። አይደለም። ገንዘብ ያጠረውና ሥራ የሰነፈ ይለያያሉ። ሰዎች ኮሪደር ለኮሪደር እየሄዱ ደቂቃ የሚሞላበት ፊልም የበጀት ችግር የለበትም፣ የሐሳብ እንጂ። ሆን ብሎ መጥፎ ሆኖ እንዲሳቅበት የተሠራውንማ ጭራሽ አልወደውም።

አብሮኝ ይስቅ ለነበረ ጓደኛዬ የ2010ሩን የኡጋንዳ «ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ?» አሳየሁት። ናብዋና አይዛክ በካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር ከጎረቤቶቹ ጋር የሠራው ነው፤ መሣሪያዎቹ ከቁርጥራጭ ብረት የተበየዱ ናቸው፣ ፊልሙ ላይ ደግሞ አንድ ተራኪ እየጮኸ ያሟሙቀዋል። ጓደኛዬ እንደ ልማዱ ሳቀ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለና «ቆይ፣ ያቺን ሄሊኮፕተር መልሳት» አለኝ።