አዲሷን ነርስ ብቻዋን አትተዉአት

ሥራ ለጀመረች ነርስ ሁሉም የሚሰጣት ምክር ያው ነው። በርቺ፣ ጠንከር በይ፣ ትለምጂዋለሽ። ከክፋት አይደለም። ግን ሸክሙ ተመልሶ እሷው ላይ ነው የሚወድቀው። (እሷ ስል ወንዶቹንም ማለቴ ነው።)

ተማሪ ሳለች አስተማሪ አጠገቧ ነበር። አሁን የአንዱ መድኃኒት ሰዓት ደርሷል፣ የሌላው ግሉኮስ አልቋል፣ አስታማሚ ኮሪደር ላይ አስቁሟታል፣ ሐኪሙ አዲስ ትእዛዝ ጽፎ ሄዷል፣ እና የቱን እንደምታስቀድም የሚነግራት የለም። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ማርሊን ክሬመር ይህን እ.ኤ.አ. በ1974 «የእውነታ ድንጋጤ» ብላዋለች። ይኸው 50 ዓመት አልፎትም አለ።

በዚህ መሃል ጥያቄ ስትጠይቅ «ይሄንንም አታውቂም እንዴ? ምን ተምረሽ መጣሽ?» ከተባለች አለቀ። ሁለተኛ አትጠይቅም። የመድኃኒቱን መጠን ስትጠራጠር ዝም ብላ ትገምታለች፣ እና በዚያ ግምት የሚጎዳው ታካሚው ነው። ስለዚህ አዲስ ሰው ላይ መጮህ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የታካሚ ደህንነት ጉዳይ ነው።

የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ጄምስ ሃውስ እ.ኤ.አ. በ1981 ማኅበራዊ ድጋፍን በአራት ከፍሎታል፦ ስሜትን መጋራት፣ በሥራ ማገዝ፣ መረጃ መስጠት፣ ሰውየው ራሱን የሚመዝንበትን አስተያየት መስጠት። በእኔ እይታ በጣም የተረሳው አራተኛው ነው። ማንም ምንም ካላላት ዝምታውን «አልቻልሽም» ብላ ነው የምትተረጉመው። «ታካሚው መድከሙን ቀድመሽ ማየትሽ ጥሩ ነው፤ ሌላ ጊዜ ግን ቶሎ ጥሪኝ» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ቤተሰብም አለ፣ ጓደኛም አለ። ግን የሌሊት ፈረቃ ከነሱ ይነጥላታል፤ እነሱ ሲሰባሰቡ እሷ ተኝታለች ወይም ሥራ ላይ ናት። ደግሞም የታካሚ ምስጢር ቤት ይዞ አይገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ ታካሚ ሲሞትባት፣ አስከሬኑን ሸፍና ወዲያው ወደ ሚቀጥለው አልጋ ስትሄድ የሆነችውን ነገር በደንብ የሚረዳት ያንን ያሳለፈ ባልደረባ ነው። አሥር ደቂቃ ሥራዋን ተቀበሏት። ትቀመጥ። ማልቀስ ከፈለገች ታልቅስ።

ጽናት አንዱ ይዞት የሚወለድ፣ ሌላው የተነፈገው ነገር አይደለም። ከሰው ጋር ነው የሚገነባው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ የሚመጣን መዛል ሲተረጉም በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት ጋር ነው ያያያዘው። የሥራ ቦታ ነው ያለው፤ የሠራተኛዋ ድክመት አላለም።

አዲስ የጀመርሽ እህቴ፣ ክፍልሽ ውስጥ የሚያናግርሽ ካጣሽ ሌላ ክፍል ውስጥ ፈልጊ፣ አብረውሽ የተመረቁትን ደውለሽ አግኚያቸው። የፈረቃ ፕሮግራም የምታወጡ ኃላፊዎች ደግሞ፣ እባካችሁ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከአንድ ታጋሽ ነባር ነርስ ጋር መድቧት። ሁለት አዲሶችን ብቻቸውን ሌሊት አታስገቡ።