25003 ያወጣ ተማሪ ምን አስቦ ነው?

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት

የዘንድሮው የኮምፒውተር ላብራቶሪ የልምምድ ወረቀት ገና አልተሞላም። ከመሙላቴ በፊት ጀማሪን ፕሮግራሚንግ ስለማስተማር ከተጠኑት ነገሮች እዚህ የሚያዋጣው የትኛው እንደሆነ ለራሴ ላስፍር። የርዕሱ 25003 ከታች ባለው የዝናብ ጥያቄ ላይ አንድ ተማሪ የሚያወጣው የተሳሳተ መልስ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2001 ማይክል ማክራከን የመራው ቡድን የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ ለጨረሱ፣ በተለያዩ አገሮች ለሚማሩ 216 ተማሪዎች የካልኩሌተር ፕሮግራም እንዲጽፉ ሰጣቸው። አማካይ ውጤታቸው ከ110 ነጥብ 22.89 ሆነ። ያኔ ብዙ ሰው “ልጆቹ ችግር መፍታት አይችሉም” ብሎ ደመደመ። ሬይመንድ ሊስተርና ባልደረቦቹ ግን በ2004 ጥያቄውን ገለበጡት፤ ምንም ሳያስጽፉ አጫጭር የተጻፈ ኮድ (የፕሮግራም ትእዛዝ) እየሰጡ ውጤቱን አስገመቱ ወይም የጎደለውን መስመር አስመረጡ። 12 የምርጫ ጥያቄ፣ በ7 አገር። እዚያም ብዙዎቹ ተቸገሩ። ማንበብ ያልቻለን ልጅ ድርሰት ጻፍ ብለን ዜሮ ስንሰጠው ኖረናል ማለት ነው።

“ይሄ ልጅ ለኮድ አልተፈጠረም” የሚለው ወሬ በየመምህራን ላውንጁ አለ። ጥናት መስሎ የወጣም ነበረው። በ2006 ሰይድ ደህናዲና ሪቻርድ ቦርናት ኮርሱ ሳይጀመር በሚሰጥ ፈተና የሚችለውን ከማይችለው መለየት ይቻላል ብለው ጻፉ። ጽሑፉ በጣም ተወራለት። ቦርናት ራሱ በ2014 ድምዳሜውን በይፋ አንስቷል፤ ይሄኛው ግን እንደ መጀመሪያው አልተወራም።

ስለዚህ መጀመሪያ ንባብ። እነዚህን ሦስት መስመሮች ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይበቃል፦

ሀ = 5
ለ = ሀ
ሀ = 9

ለ ስንት ነው? 9 የሚል አይጠፋም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በሒሳብ ክፍል የእኩል ምልክት ሁለቱን ወገን አስሮ እንደሚያኖር ተምሮ ነው የመጣው። እዚህ ግን ምልክቱ “በቀኝ ያለውን አስላና በግራ ባለው ስም አስቀምጥ” የሚል ትእዛዝ ነው፤ ከተፈጸመ በኋላ ሀ እና ለ አይተዋወቁም፣ ለ 5 እንደሆነ ይቀራል። ቤኔዲክት ዱ ቡሌይ በ1986 እንዳስቀመጠው ጀማሪው የሚጎድለው ማሽኑ መስመር በመስመር ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ምናባዊ ሥዕል ነው። ሥዕሉ የሚሠራው በወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) አንድ ዓምድ፣ ለሉፑ (ለሚደጋገሙት መስመሮች) ቅድመ ሁኔታ አንድ (እውነት ወይም ሐሰት)፣ ለስክሪን አንድ። በእስክሪብቶ እንጂ በእርሳስ አይሠራም፤ ዋጋው ሲቀየር አሮጌው በአንድ ሰረዝ ይሰረዛል እንጂ በላጲስ አይጠፋም። የጠፋ ነገር ላይ ስሕተት መፈለግ አይቻልም። የቅድመ ሁኔታው ዓምድ የግድ ነው የምለው ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው በመጨረሻው “ሐሰት” ላይ ስለሆነ ነው፤ ተማሪው ሉፑ ከመቆሙ በፊት አንዴ ተጨማሪ እንደሚፈትሽ ይረሳዋል።

መብራት ሲጠፋም ይህ ሥራ አይቆምም፤ ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። መብራት ሲኖር ደግሞ በኢስቶኒያው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቶኒ የተባለ የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) መለማመጃ ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት ኮዱን ደረጃ በደረጃ እያስኬደ የቫሪያብሎቹን ዋጋ ያሳያል፤ በፍላሽ ዞሮ ይጫናል። ግን ከወረቀቱ በኋላ። ቀድሞ ከመጣ ተማሪው ቁልፍ እየተጫነ ማየት ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ዝናቡ ጥያቄ። ኤሊየት ሶሎዌይ በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ የታወቀ ጥያቄ ነው፤ 99999 እስኪገባ ድረስ የዝናብ መጠን እየተቀበልክ አማካዩን አውጣ ይላል። የበልግን ዝናብ ለመንዝና ለአንኮበር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዝናብ የሌለበት ቀንም ቀን መሆኑን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ግን መደመርን፣ መቁጠርን፣ ማቆምንና ማካፈልን አንድ ላይ ማስተባበር ይጠይቃል። ጀማሪዎች እያንዳንዱን ለብቻው ይችሉታል፤ የሚሰናከሉት መገጣጠሚያው ላይ ነው።

የሚያዋጣው መላ የመፈተኛ ቁጥሮቹን መምረጥ ነው። የእኔ ምርጫ 12፣ 0፣ 7፣ 6 ሚሊሜትር እና ማቆሚያው 99999 ነው። ትክክለኛው ድምር 25፣ ብዛቱ 4፣ አማካዩ 6.25። እነዚህን የመረጥሁት እያንዳንዱ የተለመደ ስሕተት የየራሱን መልስ እንዲያወጣ ነው። 20004.8 ካየሁ ተማሪው ከመፈተሹ በፊት ደምሯል፣ ቆጥሯልም፤ ማቆሚያው እንደ ዝናብ ገብቷል። 25006 ከሆነ ማቆሚያው ድምሩ ውስጥ ገብቷል፣ ቆጠራው ግን ተርፏል። 8.33 ማለት “ከዜሮ ከበለጠ” ብሎ የደረቁን ቀን ጥሎታል። 5 ማለት ቆጣሪውን ከ1 ጀምሯል። 1.5 ከሆነ ድምሩን ማጠራቀም ትቶ በየዙሩ ተክቶታል፤ የቀረው የመጨረሻው 6 ብቻ ነው፣ እሱን ለ4 አካፍሏል። ልክ 6 ካወጣ ብዙ ጊዜ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ነው የጻፈው፤ ድምሩም ብዛቱም ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ስለሆኑ ሩቡ ተቆርጦ ወድቋል። ለዚህ ነው ድምሩ ለ4 እኩል የማይካፈል እንዲሆን ያደረግሁት። 24 ቢሆን ኖሮ ይህ ስሕተት ተደብቆ ያልፍ ነበር።

25003ስ? ይህ የምወደው ነው። ተማሪው ከሉፑ በፊት 12ን አነበበ፤ ከዚያ በሉፑ ውስጥ ከመደመሩ በፊት የሚቀጥለውን አነበበና 12 ሳይደመር ጠፋ። መጨረሻ ላይ 99999ን ካነበበ በኋላ ደመረው፣ ከዚያ ነው ሉፑ የፈተሸው። 0፣ 7፣ 6 እና 99999 ተደምረው 100012፣ ለ4 ሲካፈል 25003። አንድ መስመር ከላይ ወደ ታች ቢወርድ ሁሉም ይስተካከላል። ይህን ልጅ “ተሳስተሃል” ብሎ ማለፍ ያሳዝናል፤ ከሞላ ጎደል ደርሷል። ሁለተኛውን ንባብ ጭራሽ የረሳው ደግሞ መልስ አያገኝም፤ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይዞራል፣ ተማሪውም ኮምፒውተሩ ተበላሸ ይላል።

ያንኑ ፕሮግራም ቆራርጦ ማስገጣጠምም ይቻላል። ዴል ፓርሰንስና ፓትሪሺያ ሄደን በ2006 ከኒውዚላንድ ያመጡት ዘዴ ነው። የዝናቡ ኮድ በፓይተን 9 መስመር ይሆናል፤ በትልቁ ታትሞ ይቆረጣል፣ ሁለት አሳሳች ቁራጮች ይጨመራሉ (አንዱ ቆጣሪውን ከ1 የሚያስጀምር፣ ሌላው ድምሩን የሚተካ)፣ በፖስታ ይታሸጋል። ከሁለት በላይ አሳሳች መጨመር ጊዜ ከማባከን ውጪ የሚያመጣው ነገር አላየሁበትም። በሉፑ ውስጥ ያሉት መስመሮች ወደ ቀኝ ተገፍተው መቀመጥ አለባቸው፤ ፓይተን በዚያ ነው የሚለያቸው። ባርባራ ኤሪክሰንና ባልደረቦቿ በ2017 እንዳሳዩት፣ እንዲህ የሚገጣጥሙ ተማሪዎች ኮዱን ከባዶ ከሚጽፉት ባነሰ ጊዜ ጨርሰው የተማሩት ግን ከነሱ አላነሰም።

ለትልቅ ክፍል ካርድ። “ገብቷችኋል?” ሲባል ሁሉም “አዎ!” ይላል፤ ይሉኝታው ነው እንጂ ገብቷቸው አይደለም። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት ካርዶች ለእያንዳንዱ፤ ጎረቤት እንዳያይ ደረት ላይ ተይዘው በአንዴ ይነሣሉ። ትክክል የመለሰው ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆነ እርስ በርስ ይከራከሩና ደግመው ያነሣሉ፤ ከዚያ ካነሰ ትምህርቱ ይደገማል፣ ከበለጠ ይታለፋል። ከሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ከኤሪክ ማዙር የመጣ ነው። ሊዮ ፖርተርና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት ጥናት በኮምፒውተር ሳይንስ ኮርሶች ላይ የወዳቂዎቹ መጠን በአማካይ ከ20 ወደ 7 በመቶ ወርዷል።

በፊደላችን ኮድ መጻፍ ይቻላል ወይ ለሚለው፦ ከፓይተን 3 ወዲህ፣ ማለትም ከ2008 ጀምሮ፣ የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል መሆን ይችላል። የቋንቋው ቁልፍ ቃላት እንግሊዝኛ ሆነው ይቀራሉ፤ ለጀማሪ ይህ ራሱ ጥቅም አለው፣ የትኛው ስም የእሱ፣ የትኛው የፓይተን እንደሆነ በዓይኑ ይለየዋል። ጣጣው ሌላ ነው። ላይ “ኃይል” ብሎ ታች “ሀይል” ያለ ተማሪ ኔም ኤረር (“ይህን ስም አላውቅም” የሚል ስሕተት) ይመጣበታል፤ ለእኛ አንድ ድምፅ፣ ለማሽኑ ሁለት ስም ነው። ፀሐይ፣ ሠራተኛ፣ ዓመት ሁሉም ወጥመድ ናቸው፤ ድምር፣ ብዛት፣ ዝናብ ግን ሰላም ናቸው። ኪቦርዱን ሳይመልስ በኮማ ፋንታ ፣ ከነካ ፓይተን “የማይሆን ምልክት” ብሎ የዩኒኮድ ቁጥሩን 1363ን ይጠራለታል። ከሁሉ የሚያስቀው ፩ ነው፤ ኢዝዲጂት የተባለው የፓይተን ትእዛዝ ሲጠየቅ አሃዝ ነው ይላል፣ ኢንት የተባለው ግን ወደ ቁጥር ልቀይረው አልችልም ብሎ ቫልዩ ኤረር (የዋጋ ስሕተት) ያወጣል።

ለፋይናሉ የማስቀምጠው የዝናብ ጥያቄ አንድ ተጨማሪ ግብአት ይኖረዋል፤ የመጀመሪያው ቁጥር 99999 የሆነበት። ያልጠበቀው ፕሮግራም ለዜሮ ሊያካፍል ሞክሮ ይወድቃል። ከአማካይ ይልቅ “መረጃ የለም” ብሎ የጻፈ ሙሉ ነጥብ፤ 0 ያተመ ግማሽ ያገኛል፤ አልዘነበም ማለትና አልተለካም ማለት አንድ አይደሉምና።